ኦዜት ለሚሄዱ ተማሪዎች ወላጆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጸደይ በመጣ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የልጆቼ ትምህርት ቤት ሲያትል አካባቢ ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ፣ ኦዜት የሚባል ቦታ ይወስዳል። ልጆቹ በጫካ ገብተው ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ይወጣሉ። ዳር ዳሩን ተጉዘው በሌላ ጫካ ይመለሳሉ። የፈቃድ ወረቀቱ ቤት ሲደርስ ታዲያ የሐበሻ እናትና አባት ይደነግጣሉ። «ውቅያኖስ? ድብ? ድንኳን?» ሁለት ጊዜ አጃቢ ሆኜ ስለሄድኩ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አንድ በአንድ በስልክ ከማስረዳ ብዬ እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦዜት የት ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነው፣ በኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ሰሜን ምዕራብ ጥግ። ከሲያትል በፌሪ (መኪና ጭኖ በሚያሻግር መርከብ) ተሻግሮ፣ ከዚያ በመኪና፤ ሁሉም ሲደመር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፌሪው ከዘገየ ይጨምራል። የመጨረሻዎቹ 21 ማይሎች ጠመዝማዛ ስለሆኑ መኪና የሚያዞረው ልጅ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ለአስተማሪው ቀድመው ይንገሩ።

መንገዱ የሚያልቀው ኦዜት ሐይቅ ዳር ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ኬፕ አላቫ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ጫፍ፣ አላስካንና ሃዋይን ሳንቆጥር፣ የአሜሪካ የመጨረሻው ምዕራባዊ ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውኃ ነው፤ ጃፓን ድረስ።

ስንት ይሄዳሉ? ልጄ ይችለዋል?

መንገዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ከሐይቁ እስከ ኬፕ አላቫ ሦስት ማይል ገደማ በጫካ። ከኬፕ አላቫ እስከ ሳንድ ፖይንት ሦስት ማይል በባሕሩ ዳር። ከዚያ ወደ ሐይቁ ሦስት ማይል እንደገና በጫካ። ሲደመር ከ9 ማይል በላይ፣ በኪሎ ሜትር 15 ገደማ ማለት ነው።

አቀበት የለውም ማለት ይቻላል። እንጦጦን የወጣ ሰው ይስቅበታል። የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። ጫካው ረግረግ ስለሆነ ከእንጨት ጣውላ መረማመጃ ተሠርቶለታል። ዝናብ ሲነካው ጣውላው ሳሙና ይሆናል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ገና አሥር ደቂቃ ሳንሄድ በቂጤ ተቀመጥኩ፣ ያውም በ28 ልጆች ፊት። ባሕሩ ዳር ደግሞ ሌላ ነው። የምናስበው ዓይነት ለስላሳ አሸዋ በየቦታው የለም፤ ጠጠር፣ የሚያዳልጥ የባሕር አረም፣ ትልልቅ ግንድ። ያቺ መካከለኛ ሦስት ማይል ከሌሎቹ ሁለቱ እጥፍ ጊዜ ትወስዳለች።

በአጭሩ፣ ሙሉ ቀን መቆም የሚችል ልጅ ይችለዋል። ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ልጅ ካለ ግን ቅጹ ላይ ይጻፉ። አትደብቁ። መሃል መንገድ ላይ መኪና የሚገባበት ቦታ የለም።

ቅርብ ያለ ፓርክ ሞልቶ ለምን እዚያ ድረስ ይወስዷቸዋል?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ነው። የኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው፦ ዋሽንግተን ስቴት በ2015 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካባቢያቸውን ነባር ሕዝቦች ታሪክና አስተዳደር ማስተማር አለባቸው። ግን ለዚያ ብቻ ቢሆን ሲያትል ውስጥም ይቻል ነበር። ኦዜት የሚወሰዱት የኦዜት ታሪክ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

ኬፕ አላቫ ማካ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ መንደር ነበረበት። ማካዎች በዚህ ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባቸው አምስት መንደሮች ነበሯቸው፤ ኦዜት አንዱ ነው። ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ፣ ሴዳር ከሚባለው ትልቅ ዛፍ ግንድ ታንኳ የሚፈለፍሉ፣ በርካታ ቤተሰብ የሚይዝ ረጅም የጣውላ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት አንድ ቀን ከኋላ ያለው ኮረብታ በጭቃ ተንሸራቶ የመንደሩን የተወሰኑ ቤቶች ዋጣቸው። ከነዕቃቸው። የቀረው መንደር ግን ኑሮውን ቀጠለ።

ጭቃው አየር አላስገባም። እርጥብ ጭቃ ውስጥ አየር ከሌለ እንጨት አይበሰብስም። ሌላ ቦታ ቁፋሮ ላይ የሚገኘው ድንጋይና አጥንት ነው። እዚህ ግን ቅርጫቱ፣ ገመዱ፣ ምንጣፉ፣ የእንጨት ሳህኑ ሁሉ እንዳለ ተቀመጠ። በ1970 መጀመሪያ ላይ የክረምት ማዕበል ዳርቻውን ሲበላው የቤቶቹ እንጨት ብቅ አለ። በዚያ የሚያልፍ ተጓዥ አይቶ ለማካዎች ነገራቸው። የማካ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩት ኤድ ክላፕላንሁ ስልክ አንስተው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲውን አርኪዎሎጂስት (የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ባለሙያ) ሪቻርድ ዶኸርቲን ጠሩ። ቁፋሮው እስከ 1981 ድረስ 11 ዓመት ቆየ። አካፋ እንጨቱን ስለሚጎዳ ጭቃውን ያጠቡት በውኃ ጎማ ነው። ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጣ።

ዕቃው ራሱ ያስገርማል። ከውሻ ፀጉር የተፈተለ ብርድ ልብስ አለ። ማካዎች ለፀጉሩ ብለው ውሻ ያረቡ ነበር። የብረት ስለትም ተገኝቷል፤ ብረቱ ከእስያ ተሰብሮ በማዕበል ከመጣ መርከብ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጃፓን ድረስ ውኃ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ልጆቹ በጣም የሚወዱት ግን ከሴዳር የተቀረጸውን የዓሣ ነባሪ ክንፍ ነው። የባሕር ኦተር ከሚባለው ባለ ፀጉር የባሕር እንስሳ ከ700 በላይ ጥርስ ተሰክቶበታል። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ የሰካውን ሰው ትዕግሥት አስቡት።

አሁን ደግሞ ሆዴን የሚበላኝ ክፍል። መንደሩን ባዶ ያደረገው ጭቃው አይደለም። ትምህርት ቤት ነው። መንግሥት የማካ ልጆች በግድ ይማሩ ሲል ትምህርት ቤቱ የነበረው ኒያ ቤይ ነው፤ ሩቅ ነው። ኦዜት ትምህርት ቤት አልተከፈተም። ወላጅ ልጁን ብቻውን ልኮ አይቀመጥም። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ልጆቹን ተከትሎ ሄደ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው የኖረበት መንደር ጭር አለ። ልጆቹ በሄዱበት ትምህርት ቤት ደግሞ የናታቸውን ቋንቋ መናገር ያስቀጣ ነበር።

ይሄን በሰማሁበት ቀን አጠገቤ የሚሄዱት ልጆች በእንግሊዝኛ ነበር የሚንጫጩት። የኔዋም ጭምር። የኛን ማንም አስገድዶን አይደለም፤ ነገሩ አንድ ነው አልልም። ግን ዝም ብዬ ትንሽ ተራመድኩ።

ማካዎች አሁንም አሉ?

አሉ እንጂ። ልጆቻችን «ነበሩ» ብለው እንዲያወሩ አይፍቀዱላቸው። ኒያ ቤይ የምትባለው ከተማቸው ከኦዜት በስተ ሰሜን ናት። የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አላቸው። «ማካ» የሚለው ስም ጎረቤቶቻቸው ያወጡላቸው ነው፤ በምግብ ለጋስ ማለት ነው ይባላል። እንግዳ ሳይበላ አይወጣም የሚል ሕዝብ መሆኑ ነው። መቼም አልተጠፋፋንም። ራሳቸውን የሚጠሩት ግን በዐለትና በባሕር ወፎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ብለው ነው።

አፉን በማካ ቋንቋ የፈታ የመጨረሻው ሰው ያረፈው በ2002 ነው። ዛሬ ኒያ ቤይ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋው ለልጆች ይሰጣል። ትናንት ያስቀጣበት ክፍል ውስጥ ማለት ይቻላል።

ኬፕ አላቫ ላይ ያለው የመንደሩ መሬትም የፓርኩ ሳይሆን የማካዎች ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1938 ነው። የባሕር ዳርቻው የተጨመረበት በ1953፣ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ያለው ደግሞ በ1981። ሰዉ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነበረ። በፓርክና በነዋሪ መካከል ያለው ጣጣ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክን የሚያውቅ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መነሳታቸውን ያስታውሳል።

ዓሣ ነባሪ ያድናሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መብታቸውም ነው። በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የኒያ ቤይን ውል ሲፈርሙ ሰፊ መሬት ሰጥተው ዓሣ ነባሪ የማደን መብታቸውን በጽሑፍ አስቀሩ። ይህን መብት በግልጽ የያዘ ሌላ የአሜሪካ ውል የለም። ከዚያ የነጋዴ መርከቦች ግራጫውን ዓሣ ነባሪ ሊጨርሱት ሲደርሱ፣ ማካዎች በ1920ዎቹ ማደኑን ራሳቸው አቆሙ። ቁጥሩ አገግሞ በ1994 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ወጣ። በ1999 ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው አንድ አደኑ። አገር ተነሳባቸው። ከዚያ ለዓመታት ፍርድ ቤትና ወረቀት ሆነ። በ2024 የፌዴራል መንግሥት በ10 ዓመት ውስጥ እስከ 25 ድረስ እንዲያድኑ ፈቅዷል።

ልጆቹ በዚህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ይከራከራሉ። ቤትም ይቀጥላል። በጾም ወራት በሬ ለፋሲካ የሚቃረጥ ቤት ውስጥ ያደገች ልጄ ክርክሩን ቶሎ ገባት።

ድንጋዩ ላይ ያለው ሥዕል ምንድን ነው? መንካት ይቻላል?

ሥዕል ሳይሆን ተወቅሮ የተቀረጸ ነው። ቦታው ዌዲንግ ሮክስ ይባላል፤ ከኬፕ አላቫ ወደ ደቡብ ሲኬድ ነው። ዓሣ ነባሪ አለ። የሰው ፊት አለ። አንዱ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሸራ ያለው የፈረንጅ መርከብ አለ። እዚያ ዐለት ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን መርከቡን ከሩቅ አይቶ ቀረጸው ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ ሁልጊዜ የምናነበው መርከቡ ላይ ያለው ሰው ያየውን ነው። ይሄኛው ከዳር የታየ ነው።

ምልክት ወይም አጥር አይጠብቁ። ሲፈልጉ ቆይተው በድንገት ዓይን ላይ ይመጣል። አንድ ልጅ «አገኘሁት!» ሲል ሌላው ሁሉ ይሮጣል። ያኔ ነው አጃቢ የሚያስፈልገው።

መንካት አይቻልም። በኖራ ማድመቅ፣ ወረቀት አድርጎ በእርሳስ መፈተግ፣ ላዩ ላይ መውጣት፣ አጠገቡ ስም መጻፍ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ማበላሸት በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል። ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ለልጆቹ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ «ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ትፈትጋላችሁ?» ይገባቸዋል።

ከኬፕ አላቫ ፊት ለፊት አንዲት ክብ ደሴት አለች፤ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚደረስባት ትመስላለች። ለማካዎች የተቀደሰች ናት። አይወጣባትም።

ለማስታወሻ ድንጋይ ወይም አጥንት ቢያመጣልኝስ?

አያምጣ። የዓሣ ነባሪ አጥንት፣ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ፣ አሮጌ እንጨት ካየ ባለበት ትቶ ለአስተማሪው ይንገር። ቁፋሮው የተጀመረው አንድ ተጓዥ ያየውን ኪሱ ከመክተት ይልቅ ሄዶ ስለተናገረ መሆኑን አስታውሱት።

ባሕሩ አደገኛ ነው?

ከድቡ ይልቅ ለባሕሩ ብትጨነቁ ደስ ይለኛል።

እኛ ውኃ ስንል የምናውቀው ሐይቅ ነው። ጣና ባለበት ይቆያል። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ኋላ ይገፋል። ሲሸሽ ሰፊ ሜዳ የነበረው ቦታ ሲሞላ ውኃ ከገደል ጋር የሚላተምበት ይሆናል። ዌዲንግ ሮክስ አካባቢ ሙላት ላይ በዳር ማለፍ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አስተማሪዎቹ የባሕሩን የሰዓት ሠንጠረዥ አይተው ነው የሚነሱት። ልጅዎ ሌሊት 11 ሰዓት ተቀሰቀስኩ ብሎ ቢያማርር ምክንያቱ ይሄ ነው። በዳር ማለፍ ካልተቻለ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ይፈለጋል፤ በጫካ በኩል የሚያሻግር መንገድ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው ግንድ ነው። ዳርቻው ላይ ማዕበል የተፋው ትልልቅ ግንድ ተከምሯል። ልጅ ሲያየው መውጣት ያምረዋል። ማዕበል ግንዱን እንደ ክብሪት እንጨት ያነሳዋል፤ ሰው ሞቶበታል። ውኃ የሚነካው ግንድ ላይ መቀመጥ የለም።

ዋና የለም። ውኃው በበጋ እንኳ በረዶ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚስብ ሞገድም አለው። ዋና የሚችል ልጅ ያላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። የማይችለውማ ራሱ ይፈራል።

ስለ ሱናሚ የሚጠይቁም አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ጥር 26 ቀን 1700 እዚህ ዳርቻ ፊት ለፊት ወደ 9 የሚጠጋ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ማዕበሉ ጃፓን ደርሷል፤ ቀኑ የታወቀውም ከጃፓን መዝገብ ነው። ለልጅዎ አንዲት ነገር ያስጠኑት፦ መሬት ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ከፍታ መሮጥ።

ምን ይልበስ?

አካባቢው በዓመት 2500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። የአዲስ አበባ እጥፍ ነው። «ዛሬ ፀሐይ ነው» ብሎ ነገር የለም።

ጥጥ አይልበስ። ጂንስ፣ የጥጥ ሹራብ፣ የጥጥ ካልሲ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሙቀት ያሳጣል። ፍሊስ ወይም ሱፍ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን ብላችሁ አትግዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይልመደው። ሁለት ትርፍ ካልሲ በፌስታል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለልጇ ጋቢ አስይዛ ላከች። ማታ እሳት ዳር ሁሉም ልጅ ጋቢ ውስጥ መግባት አማረው። እኔም ቀናሁ። ለድንኳን ማታ ይሁን፤ መንገድ ላይ ግን ጋቢ ከረጠበ የሚሸከመው ጠፋ ማለት ነው።

ጾም ላይ ነን። ምን ይብላ?

የዐቢይ ጾም ጊዜ ስለሚገጥም ይሄ በየዓመቱ አለ። ቅጹ ላይ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይበላም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። «ጾመኛ» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም እንደማይበላ ነው የሚገባቸው። አንዴ ሆኗል፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ «ውኃስ ይፈቀድልሃል?» ሲባል ዋለ። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ የጾም ዳቦ፣ ለውዝ ጥሩ ነው። ለውዝ ግን የሚያስቆጣው ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚፆም ሙስሊም ልጅ ካለና ረመዳን ከገጠመ 15 ኪሎ ሜትሩን ከአስተማሪው ጋር ተነጋገሩበት።

ውኃ ሁለት ሊትር። የምንጩ ውኃ ከረግረጉ የተነሳ ሻይ ይመስላል፤ ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣም።

ድብ አለ አይደል?

ጥቁር ድብ አለ፤ ሰው ሲሰማ የሚሸሽ ነው። 28 ልጅ እየጮኸ ሲመጣ የሚቆም ድብ እስካሁን አላየሁም። ሌባው ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ ነው። ዚፕ ይከፍታል። እዚያ ዳርቻ የሚያድሩ ሁሉ ምግባቸውን ጠንካራ ክዳን ባለው ልዩ ዕቃ የሚቆልፉት በዋናነት በራኩን ምክንያት ነው።

ከታደሉ ደስ የሚለውን ያያሉ። ባለ ነጭ ራስ ንስር፣ አጋዘን፣ በጸደይ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ግራጫ ዓሣ ነባሪ። የባሕር ኦተርም ይታያል። በፀጉር ነጋዴዎች ጠፍቶ ነበር፤ በ1969 እና 1970 ከአላስካ 59 አምጥተው ለቀቁ፣ አሁን ያሉት የነዚያ ዘር ናቸው።

መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ልክተትለት?

አይሆንም። በዚህ ስቴት ትምህርት ቤት ልጅ ላይ ለሚሰጥ መድኃኒት፣ ታይሌኖልም ቢሆን፣ የሐኪም ፊርማ ያለበት ቅጽ ያስፈልጋል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩት። አስም ያለበት ልጅ ፓምፑን ሳይዝ አይነሳም። ፌጦ በላስቲክ የቋጠራችሁ እናቶች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን የጉምሩክ ጥያቄ ያስነሳል።

ስልክ ይሠራል?

አይሠራም። አስተማሪዎቹ የሳተላይት መገናኛ ይይዛሉ። ልጃችሁ ካልደወለ ደህና ነው።

ክፍያው ስንት ነው?

የአውቶቡሱና የምግቡ በየዓመቱ ይለያያል። የአቅም ማነስ ካለ ጠይቁ፤ ለዚሁ የተቀመጠ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ማንም አያፍርም። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለትምህርት ጉዞ የፓርኩ መግቢያ በነፃ እንዲሆንላቸው ማመልከት ይችላሉ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ ለፌዴራል ፓርኮች የአንድ ዓመት ነፃ ፈቃድ አለው። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ያትመዋል፤ መኪናው ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ይገባል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አጃቢ መሆን እችላለሁ?

ይችላሉ፣ እባክዎ ይምጡ። የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ወረቀቱን በአማርኛ ወይም አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ባለፈው ዓመት አብራን የመጣች አንዲት እትዬ እንግሊዝኛ አልተናገረችም ማለት ይቻላል። ግን ጫካው ውስጥ ከሁላችን በላይ የምታየው እሷ ነበረች። የሴዳሩን ልጥ እያየች «ይሄማ ገመድ ይሆናል» አለች። ሬንጀሯ ቀጥላ ያስረዳችው ያንኑ ነው፤ ማካዎች ከሴዳር ልጥ ገመድም፣ ምንጣፍም፣ ልብስም ይሠሩ እንደነበር። ልጆቹ ዞር ብለው አዩዋት። መንገዱ መሃል ላይ አልስትሮም የሚባል የስዊድን ስደተኛ ብቻውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረበት ሜዳ አለ። ማካዎች ከሱ በፊት አካባቢውን በእሳት እያጸዱ ለአጋዘንና ለፍራፍሬ ይንከባከቡት ነበር። እሷ አፈሩን ረግጣ «ስንት ጎመን በበቀለበት» ብላ አልፋለች።

ሙዚየሙ ግድ ነው?

በኔ ግምት ከእግር ጉዞው እኩል ነው። ማካዎች ከኦዜት የወጣው ዕቃ ከመሬታቸው እንዳይወጣ አጥብቀው ይዘው፣ በ1979 ኒያ ቤይ ላይ ሙዚየማቸውን ከፈቱ። ውስጡ በሙሉ መጠኑ የተሠራ ረጅም ቤት አለ። ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ጨለም ያለ ነው፣ ዓሣ እንደሚደርቅ ሆኖ ተሰቅሏል። ያንን የኦተር ጥርስ ያለበት ክንፍም ልጆቹ እዚያ ያዩታል። አንዳንድ ዓመት ትምህርት ቤቱ ጊዜ የለም ብሎ ይዘለዋል። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ጠይቁ። ቢቻል ከጉዞው በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ሙዚየሙን ያላየ ልጅ ኬፕ አላቫ ሲደርስ የሚያየው ሣር ብቻ ነው። መንደሩ እንደገና ተሸፍኗል።

በኋላ ከቤተሰብ ጋር መሄድ እንችላለን?

ትችላላችሁ። ለቀን ጉዞ ከፓርኩ መግቢያ ሌላ ፈቃድ አያስፈልግም። ለማደር ግን ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ኒያ ቤይ አካባቢ ባሉት የማካ መንገዶች ለመሄድ ደግሞ የማካዎችን የራሳቸውን ፈቃድ ከከተማው ሱቆች ይገዛሉ። የባሕሩን ሰዓት ሳታዩ እንዳትነሱ። ጠዋት ሲያትል ቁርስ በልተን እንነሳ የምትሉም አይሆንም፤ የሚቀጥለውን ፌሪ ስትጠብቁ ባሕሩ ይሞላል።

ውሻ አይፈቀድም። ቡችላችሁን ጎረቤት ጋ ተዉ።